ሽቦን የላጨሁ ቀን

መስከረም 19 ቀን

ለታላቅ እህቴ፣

ሰላምታዬ ከወቀሳሽ ቀድሞ ይድረስልኝ። ሦስት ደብዳቤ ጽፈሽ አንድ መልስ እንኳ እንዳላገኘሽ አውቃለሁ፤ ብትቀየሚኝም አልፈርድብሽም። ቀኑን ሙሉ ቆሜ የሰው ጭንቅላት ሳዞር ውዬ ሱቁን ስዘጋ፣ እጄ እስክሪብቶ መያዙ ቀርቶ የበሩን ቁልፍ ማዞርም ይታክተዋል። በስልክ እንዳናወራ ደግሞ የቤቱን ነገር ታውቂዋለሽ። አባባ ዓይናቸው የተወውን ሁሉ ጆሯቸው ተረክቦታል። ከመጋረጃው ወዲህ ሆኜ ረዘም አድርጌ ከተነፈስኩ ምን እንዳሰብኩ ይነግሩኛል።

የጠየቅሽኝን ልመልስ። አዎ፣ የግራው ዓይናቸውም ጠፍቷል። ሐኪሙ ከእንግዲህ መነጽር መቀየር ልፋት ብቻ ነው ብሎኛል። አባባ ግን ያንኑ መነጽር በየጠዋቱ በሸሚዛቸው ጫፍ ወልውለው ያደርጉታል። አልጋቸውን ከፎቅ አውርጄ ከፀጉር ቤቱ ጀርባ ባለው ክፍል ዘርግቼላቸዋለሁ። መሃላችን ያለው መጋረጃ ብቻ ነው። በመቀሱ ድምፅ ብቻ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ራሰ በራ መሆን አለመሆኑን ያውቃሉ።

ሽቦም ደህና ነው። ከዱቄት ፋብሪካው መጋዘን ጡረታ ሲወጡ አለቃቸው በካርቶን አድርጎ የሰጣቸው ቡችላ ይኸው አስር ዓመት ደፈነ። አይጥ የለም እንጂ ቢኖር አሁንም አይጥ የሚያስተርፍ አይመስለኝም። አባባ ጠዋት ሲነቁ እጃቸው መጀመሪያ የሚፈልገው ምርኩዙን ሳይሆን የሱን ጀርባ ነው። ስሙን ያወጣለትን ያን ሻካራ ፀጉር ወደ ላይ ወደ ታች አሸት አሸት ያደርጉና «አለህ?» ይሉታል። ቀናቸው የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።

ብቻ ሸቷል። ፀጉሩም አድጎ አድጎ ዓይኑን ሸፍኖታል። ወለሉ ላይ ከደንበኛ ፀጉር ጋር እየተቀላቀለ አስቸግሮኛል፤ ባለፈው አንዱ ዝቅ ብሎ አይቶ «ይሄ ከኔ ራስ የወረደ ከሆነ በቀጥታ ሐኪም ቤት ነው የምሄደው» ብሎ ሱቁን በሳቅ ገደለው። አንቺ ሰው አገር ውሻ ስታጥቢ የምትውዪ ሰው ነሽና ስለ አያያዙ የምታውቂውን ጻፊልኝ። እስከዚያው እሁድ ሱቅ ስዘጋ አንድ ነገር አደርግለታለሁ። ሙያዬ ለመቼ ነው?

ወንድምሽ

---

ጥቅምት 6 ቀን

ወንድሜ፣

እንደምን ከረምክ? ደብዳቤህን ምሳ ሰዓት ላይ ቆሜ ነው ያነበብኩት። ወንበር ጠፍቶ አይደለም፤ ከተቀመጥኩ መነሳት ስለሚያቅተኝ ነው።

«እሁድ አንድ ነገር አደርግለታለሁ» ያልከው አላማረኝም። ማሽን ከሆነ እባክህ እጅህን ሰብስብ። የዚህ ዘር ፀጉር ሁለት ድርብ ነው፤ ከላይ ሻካራው፣ ከሥር ለስላሳው። ሻካራው ሲያረጅ ሥሩን ይለቃል። ያን ጊዜ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ቆንጠር አድርገህ በበቀለበት አቅጣጫ ሳብ ስታደርገው ይመጣል፤ ውሻውም አያመውም፤ እንዲያውም ብዙዎቹ እጄ ላይ ያንቀላፋሉ። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ነው፤ ዛሬ አንገቱን፣ ነገ ጀርባውን። በማሽን ከቆረጥከው ግን ያረጀው ፀጉር ከነሥሩ ቆዳው ውስጥ ይቀራል፣ አዲሱ ሻካራ መውጫ ያጣል፣ ለስላሳው ብቻ ይበቅልና ውሻው የበግ ግልገል ይሆናል። እዚህ አንዲት ሴትዮ ጎረቤቷ ላጭቶላት ሁለት ዓመት ሙሉ እየታገልን ነው።

ገላውንም ቶሎ ቶሎ አትጠበው። ጭቃ ከነካው እስኪደርቅ ጠብቅና በብሩሽ አራግፍለት። ጆሮውን በሳምንት አንዴ አሽትተው፤ የኮመጠጠ ነገር ከሸተተህ ሐኪም ይየው። ጥፍሩ ወለሉ ላይ ኳ ኳ ካለ ረዝሟል ማለት ነው። ከገበታ ላይ አታጉርሰው። ይህን ለአባባም ንገራቸው፤ እንደማይሰሙህ ባውቅም።

በፖስታው ጀርባ በእርሳስ «ለምንድን ነው የማይታዘዘው?» ብለህ ጽፈሃል። ቴሪየር፣ የሽቦ ዘር ማለት ነው፣ አይታዘዝም፤ ይደራደራል። ቁመቱ ከጉልበትህ በታች ነው፣ እሱ ራሱን የሚያየው ግን በሬ አሳክሎ ነው። እነዚህን ውሾች ሰው ያራባቸው ጉድጓድ ውስጥ ገብተው፣ ጌታቸው በማያያቸው ቦታ፣ ብቻቸውን እንዲወስኑ ነው። ስትጠራው ቆሞ ቢያይህ ንቆህ አይደለም፤ እያሰበበት ነው። አንዴ ብቻ ጥራው። ከደገምከው ለድርድር የቀረብክ ይመስለዋል። አትምታው፣ ይቀየማል። ደግሞም አንድ ሰው ይመርጣል፤ ከመረጠ በኋላ ሐሳቡን አይለውጥም። በዚህ ብቻ ከሰው ይበልጣል።

ስለ እኔ አታስብ። እጄ ትንሽ ቆስሏል፤ ከውሃውና ከሳሙናው ነው። መምጣቱን ግን እስከ ክረምት ፈቃድ የለም ብለውኛል። ለአባባ «ትመጣለች» አትበላቸው፤ «ጠይቃለች» በላቸው።

እህትህ

---

ጥቅምት 20 ቀን

እህቴ፣

ይቅርታ ከማለት ውጪ መግቢያ የለኝም። ደብዳቤሽ የደረሰኝ ከእሁዱ በኋላ ነው፤ ያውም ሁለት ሳምንት አልፎ።

በማሽን ነው። ቁጥር ሁለት። ጀርባውን አንድ ወጥ፣ ሆዱን በመቀስ፣ ጺሙን ብቻ ለመልክ ትቼለት። እውነቱን ልንገርሽ፣ ስሠራው ደስ ብሎኝ ነበር። እንዲህ ዝም ብሎ የተቀመጠልኝ ደንበኛ ከስንት ጊዜ ወዲህ ነው ያየሁት። ስጨርስ እጄ ስለለመደ ትንሹን መስታወት ከኋላው ይዤ አሳየሁት። ከዚያ በሻምፖ አጠብኩት፣ ሽቶም ነፋሁበት። ሰኞ ጠዋት አባባ ደስ ሲላቸው ለማየት ቸኩዬ ነበር።

እጃቸውን ዘረጉ፤ ጀርባው ላይ አረፈና ቆመ። «ይሄ ምንድን ነው?» አሉ።

«ሽቦ ነዋ። አሳምሬልዎት ነው» አልኳቸው።

«ሽቦ አይደለም» አሉ። ጆሮውን ዳበሱ፣ እጃቸውን አሸተቱ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። የበሩን ደወል ደወልኩና ሽቦ ጮኸ፤ የውሻ ጩኸት ሁሉ አንድ ነው አሉ። ማሽኑን አምጥቼ እጃቸው ላይ አስቀመጥኩት፤ «እሱ ምኑን ይመሰክራል?» አሉኝ። በመጨረሻ የተናገሩትን ቃል በቃል እጽፍልሻለሁ፤ ብቻዬን ልሸከመው አልቻልኩም።

«ሽቦ ሞቷል፤ እናንተ ሌላ አምጥታችሁ ልትሸነግሉኝ ነው። ልማዳችሁ ነው። ዓይኔን ታሽጌ ሆስፒታል ተኝቼ ሦስት ሳምንት ሙሉ ‹እማዬ ጉንፋን ይዟት ነው ያልመጣችው› አላችሁኝ። ቤቴ ደጃፍ ቆሜ ስሟን ስጠራ ነው መቀበሯን ያወቅሁት። ያን ያደረገ ልጅ ስለ ውሻ መዋሸት ያቅተዋል?»

እህቴ፣ አራት ዓመት ሙሉ ስለዚያ ነገር አንድ ቃል ተናግረው አያውቁም ነበር። ተረስቷል ብለን ነበር እኮ።

ፀጉሩ ለመመለስ ስንት ጊዜ ይፈጃል?

ወንድምሽ

---

ኅዳር 3 ቀን

ወንድሜ፣

መጀመሪያ አንድ ደብዳቤ ጽፌ ቀድጄዋለሁ። ስድብ ነበር። አንተን ሰድቤ፣ ማሽኑን ሰድቤ፣ መጨረሻ ላይ ራሴን መስደብ ስጀምር ተውኩት። ስንት ፀጉር አስተካካይ አለ፣ ውሻ ላጭቶ መስታወት የሚያሳይ ግን የኔ ወንድም ብቻ ነው። እያለቀስኩ ሳቅሁ፤ አብራኝ የምትሠራው ልጅ ምን ሆነሽ አለችኝ፣ ሳሙና ዓይኔ ገባ አልኳት።

የጠየቅከኝ መልሱ አያስደስትህም። እንዲህ ያለ ፀጉር ሲመለስ ስድስት ወርም ዓመትም ይፈጃል፤ በዕድሜው ደግሞ ጨርሶ ላይመለስም ይችላል። እስከዚያው የሚበቅለውን ለስላሳውን በጣትህ ቆንጥረህ እያሳሳህ አውጣለት፣ ለሻካራው መንገድ ይከፈታል። ሻምፖውን ተው። ሽቶውንማ አታንሳብኝ። ብርድ እንዳይመታው ከሆዱ ሥር አሮጌ ሹራብ አንጥፍለት።

ለአባባ እውነቱን ደጋግመህ ንገራቸው። ከመንገር በቀር ሌላ ነገር አላውቅም።

አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ እንዳትደብቀኝ። የእማዬን ነገር ከአባባ እንድንደብቅ የወሰንኩት እኔ ነኝ። «ዓይናቸው እስኪድን አትንገሯቸው» ብዬ በስልክ የነገርኩህ እኔ ነኝ። ይህን ያውቃሉ? ነግረሃቸዋል?

እህትህ

---

ኅዳር 24 ቀን

እህቴ፣

አልነገርኳቸውም። ያኔ አንዴ «ማን ነው የወሰነው?» ብለው ጠይቀውኝ እኔ ነኝ ብያቸዋለሁ። ቅርባቸው ያለሁት እኔ ነኝ፤ ቁጣቸው በፖስታ አንቺ ዘንድ ከሚሄድ እዚሁ ቢያልቅ ይሻላል ብዬ ነው። አላለቀም እንጂ። አሁን ይህን አንስተሽ ራስሽን አታድክሚ።

የአባባን ሁኔታ ከእንግዲህ ማለሳለስ አልችልም። ሐዘን ተቀምጠዋል። ምግባቸውን ሩቡን ቀምሰው ሳህኑን በእጃቸው ጀርባ ገፋ ያደርጉታል። ቀበቷቸው ላይ በምስማር ሁለት አዲስ ቀዳዳ በስቻለሁ። ሐኪሙ ትላንት መጥቶ «ሰውነታቸው ምንም የለበትም፤ መብላት ካልጀመሩ ግን አስተኛቸዋለሁ» አለኝ። አባባ ሆስፒታል የሚለውን ቃል ሰምተው የአልጋውን ጠርዝ ጨብጠው ያዙ። ደግመው እዚያ ቢገቡ የሚወጡ አይመስለኝም።

ውሻውን ደግሞ ብታይው። በምርኩዛቸው ጫፍ ገፋ ያደርጉታል፤ አይመቱትም፣ ብቻ ይገፉታል። ሄዶ በሩ ሥር ይተኛል። ትንሽ ቆይቶ በሆዱ እየተሳበ ይመለስና አገጩን ጫማቸው ላይ ያስቀምጣል። ትላንት ቆጠርኩ፤ ዘጠኝ ጊዜ ተገፍቶ ዘጠኝ ጊዜ ተመልሷል። አስረኛው ላይ አባባ ራሳቸው ደክሟቸው ተዉት። «ይሄ ደግሞ የማን ደረቅ ነው?» አሉ። ያንቺን ምክር ተከትዬ በየቀኑ ፀጉሩን እቆነጥርለታለሁ፤ ጣቶቼ ውስጥ የሚቀረው ጥጥ ነው።

ትላንትና ሽቦን የት እንደቀበርኩት ጠየቁኝ። እውነቱን ነገርኳቸው፣ ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ አላውቅም። «እሺ፣ የት ነው የቀበርከው?» አሉኝ መልሰው። ከድካም የተነሳ «ከጓሮ» ልላቸው አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

እና ልለምንሽ። ሞቷል ልበላቸው? ቢያንስ አልቅሰው ይወጣላቸዋል። ከዚያ ይህንን እንደ አዲስ ውሻ ይቀበሉት ይሆናል። ተንኮል አይደለም፤ ሌላ መንገድ አጣሁ።

ወንድምሽ

---

ታኅሣሥ 8 ቀን

ወንድሜ፣

በላቸው።

ሌሊቱን ሙሉ አሰብኩበት፤ ከዚህ የተሻለ ቃል አላገኘሁም። ያን ጊዜም እንዲሁ በአንድ ቃል ነበር የወሰንኩት፣ ደክሞኝ። ሰው ሲደክመው ለምን ውሸት እንደሚቀለው አላውቅም።

ብቻ አሳጥረው። በእንቅልፉ ሞተ በል፣ ጓሮ ቀበርኩት በል፣ ሌላ አትጨምር። አንተ ወሬ ስትጀምር ማቆሚያህን አታውቅም።

እህትህ

---

ጥር 2 ቀን

እህቴ፣

እንዴት እንደምጀምርልሽ አላውቅም። አባባ በልተዋል። ይህን አስቀድሜ የጻፍኩት ልብሽ እንዲያርፍ ነው፤ የቀረውን ተቀምጠሽ አንብቢ።

ማክሰኞ ከሰዓት ነው። ደንበኛ አልነበረም። አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ነበር፣ ውሻው በሁለታችን መሃል ወለሉ ላይ። «አባባ፣ ሽቦ ሞቷል» አልኳቸው። ስሙን ሲሰማ ጅራቱ ወለሉን መታ። ሳል አስመስዬ ሸፈንኩት።

አባባ መነጽራቸውን አወለቁ። «እንዲህ በለኛ» አሉ፤ ቁጣ አልነበረበትም። ቀጥለው «መቼ?» አሉ።

«ጠዋት።»

«ማን ነበር አጠገቡ?»

እዚህ ላይ በእንቅልፉ ነው ማለት ነበረብኝ። ነግረሽኝም ነበር። ግን ‹ማን ነበር አጠገቡ› ብሎ የጠየቀኝ ሰው ኖሮ አያውቅም፣ እህቴ። አንቺም ጠይቀሽኝ አታውቂም። «እኔ ነበርኩ» አልኳቸው።

«ተሠቃየ?»

«ብዙም አይደለም። ጠዋት ላይ ትንፋሹ አጠረ። ውሃ ፈለገ፣ በማንኪያ ሰጠሁት። ሁለቴ ዋጠ፣ ሦስተኛው በአገጩ ፈሰሰ፤ በፎጣ ጠረግሁለት። መስኮቱን ከፈትኩለት። በመንገዱ ሰው ሲያልፍ የጫማ ድምፅ ሲሰማ ወደ በሩ ይዞር ነበር፤ እርስዎ የመጡ እየመሰለው። እግሩ ቀዝቅዞ ነበር፤ ካልሲ አጠለቅሁለት፤ በሁለት እጄ ይዤ . . .»

«ለውሻ ካልሲ?» አሉ አባባ።

ምን እያወራሁ እንደነበር ያወቅሁት እሳቸው ሲጠይቁኝ ነው። እሳቸውም በጣም ቀስ ብለው፣ «የትኛውን ካልሲ ነው ያደረግህላት?» አሉኝ።

«የእርስዎን። ግራጫውን የሱፍ ካልሲ። ራሷ ናት የሱን አምጣልኝ ያለችኝ።»

አለቀሱ። አባታችን ሲያለቅሱ አይተሽ ታውቂያለሽ? እኔ አላየሁም ነበር። ድምፅ የለውም፤ ትከሻቸው ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። ጎናቸው ተቀመጥኩና የእማዬን መጨረሻ ሁሉንም ነገርኳቸው። ምን እንዳለች፣ ምን እንዳላለች፣ ማን አጥቦ እንደገነዛት፣ የት ጥግ እንዳረፈች። አንድ ደንበኛ መጥቶ መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ አየንና በሩን ዘግቶልን ሄደ። ጥያቄ ሲያልቅባቸው መልሰው ከመጀመሪያው ይጠይቁኝ ነበር፤ እኔም እመልስ ነበር። አራት ዓመት የተሸከምኩት ነገር ለካ ሰው እስኪጠይቀኝ ነበር የጠበቀው።

ሲመሽ «ሽቦስ?» አሉኝ።

«አባባ፣ ሽቦ አልሞተም። ይኸው እግርዎ ሥር ነው። እኔ ነኝ የላጨሁት።»

ዝቅ ብለው ዳበሱት። አሁንም ጥጥ ነው፤ አንድ ሻካራ ፀጉር እንኳ አልወጣለትም። ከራሱ እስከ ጭራው ሁለቴ ሄዱበት። «በእጄ አላውቀውም» አሉ። ከዚያ «አንተ ሽቦ ነው ካልከኝ ግን ሽቦ ነው» አሉ። እራታቸውን አምጣ ብለው እስከ መጨረሻው በሉ። ለውሻውም ከገበታው ላይ አጎረሱት፤ እኔም አልከለከልኳቸውም።

አንድ ነገር ግን ቀርቷል። ከመተኛታቸው በፊት እንደገና «ይህን ነገር የወሰነው ማን ነው?» አሉኝ። እኔ ነኝ ማለት እንደ ወትሮው አፌ ላይ ነበር። አልቻልኩም። ያን ሁሉ እውነት ነግሬ በላዩ ላይ አንድ ውሸት ማስቀመጥ አቃተኝ። ስምሽንም አልጠራሁም። «እሱን በደብዳቤ ያውቁታል» ብያቸዋለሁ። በየቀኑ «ፖስታ መጣ?» ይሉኛል። ይቅር በይኝ፣ ከዚህ በላይ ልሸፍንልሽ አልችልም፤ ደከመኝ።

ወንድምሽ

---

ጥር 17 ቀን

ይድረስ ለአባባ፣

ወንድሜ ይህን ሳያሳጥርና ሳያሳምር እንዲያነብልዎት እለምነዋለሁ።

የወሰንኩት እኔ ነኝ። እማዬ ባረፈች በማግስቱ ከዚህ ደውዬ «ዓይናቸው እስኪድን አትንገሯቸው» አልኩ። ወንድሜ በተደጋጋሚ «ልንገራቸው» ብሎኛል፤ እኔ ነኝ የከለከልኩት። እሱ ይህን ነግሮዎት አያውቅም፣ አይነግርዎትምም ነበር።

ሐኪሙ «ድንጋጤ ለዓይናቸው ጥሩ አይደለም» ብሎ ነበር፤ ያ እውነት ነው። ግን ምክንያቱ እሱ ብቻ አልነበረም። እኔ ለቀብሯ አልደረስኩም። እርስዎ ከሰሙ እኔም እንደ አዲስ እሰማዋለሁ ብዬ ፈራሁ። እርስዎ ሳያውቁ በቆዩበት ሦስት ሳምንት ውስጥ እማዬ ያልሞተችበት አንድ ሰው አለ እያልኩ ነበር የምሠራው። የራሴን ሐዘን በእርስዎ ላይ ነው ያዘገየሁት። ዓይንዎም አልዳነ።

ሰላም ብዬ ለመጨረስ ድፍረት የለኝም። ይህን ሲያነብልዎት ድምፁ ቢሰበር አይቆጡት። እስከ ዛሬ እሱን የተቆጡት በኔ ፋንታ ነው።

ልጅዎ

---

ጥር 30 ቀን

እህቴ፣

ደብዳቤሽ ዛሬ ጠዋት ደረሰ። ሱቁን ዘግቼ፣ አባባን ወንበር ላይ አስቀምጬ፣ እንዳልሽው ሳላሳጥር አነበብኩላቸው። መሃል ላይ ድምፄ ተሰበረ፤ እስክጨርስ ጠበቁኝ። ከዚያ «እማዬ ያልሞተችበት» የሚለውን ቦታ ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ።

ይቆጣሉ ብዬ እጆቼን ጭኔ ላይ አድርጌ ጠበቅሁ። አልተቆጡም።

«ይህቺ ልጅ ደክሟታል» አሉ። «በቃ፣ ትረፍ በላት።»

ይኸው ብዬሻለሁ።

ወንድምሽ